አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻና ከሥርዓት የወጣው ግሥ

ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ የእስፓንኛ መማሪያ ተውሼ ነበር። እንግሊዝኛ በደንብ፣ ላቲን በጥቂቱ የተማረ ሰው እስፓንኛን በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል የሚል ትዕቢት ይዞኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ትዕቢቴን አልነኩብኝም፤ ግሦቹ ሁሉ ለሰልፍ እንደ ወጡ ተማሪዎች አንዱ ባንዱ ኋላ ተከትለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን «መሄድ» የሚለው ግሥ ራሱ መሄድ እንቢ አለኝ።

ግሡ በንዑስ አንቀጹ «ኢር» ይባላል። እሄዳለሁ ለማለት ግን «ቦይ» ይላሉ፤ የውኃው ቦይ ትዝ ብሎት የሚስቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ስቄአለሁ። ትሄዳለህ «ባስ»፣ ይሄዳል «ባ»፣ እንሄዳለን «ባሞስ»፣ ይሄዳሉ «ባን» ነው። እሄድ ነበር «ኢባ»፣ ሄድሁ «ፉይ»፣ ወደ ፊት እሄዳለሁ «ኢሬ»፣ እሄድ ዘንድ ደግሞ «ባያ» ይሆናል። አንድ ግሥ ሲሆን ሦስት የማይመሳሰሉ ፊቶች አሉት ማለት ነው። ከሁሉ የሚብሰው «ፉይ» የሚለው ቃል ሄድሁ ማለትም ነበርሁ ማለትም መሆኑ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው በቀረው ንግግር ብቻ ነው።

መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ ግሡን ከማስረዳታቸው በፊት ይህን ግሥ መጀመሪያ በታተመ የሰዋስው መጽሐፍ ያሰፈረውን ሰው ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ። ካነበብሁት የለቀምሁትን እነሆ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንቶንዮ ማርቲኔስ ዴ ካላ የተወለደው በደቡብ እስፓኝ፣ ከሴቪልያ በስተ ደቡብ በምትገኘው ሌብሪኻ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የተወለደበትን ዓመት አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች 1441፣ ሌሎቹ 1444 ይሉታል። ሮማውያን በጥንት ዘመን አገሩን ሲገዙ ከተማይቱን ኔብሪሳ ይሏት ነበርና፣ ካደገ በኋላ የአባቱን ስም ትቶ በዚህ በጥንቱ ስም ኔብሪኻ ተባለ። ይህም አልበቃው ብሎ፣ በአገሩ አካባቢ በተገኙ የሮማውያን የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ኤልዮ የሚል ስም ስላየ እርሱንም ጨመረበት። ስሙን ራሱ ለራሱ የሠራ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

በወጣትነቱ በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። መምህሮቹ በዕውቀታቸው የሚመሰገኑ ሆነው ሳለ ላቲናቸው የተበላሸ መሆኑ እጅግ አሳዘነው። በዚያን ጊዜ የሕክምናው፣ የሕጉና የሃይማኖቱ ትምህርት ሁሉ የሚሰጠው በላቲን ነበረና፣ ላቲኑ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል ብሎ አሰበ። በ19 ዓመቱ ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ በቦሎኛ ከተማ ባለው የእስፓኞች ኮሌጅ ገባ። ወደዚያ የሚሄዱት የአገሩ ልጆች ብዙዎቹ የሕግ ማዕርግ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሹመት ፈላጊዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን የጥንቶቹን የላቲን ደራስያን ወደ አገሩ ይዞ ለመመለስ እንደ ሄደ ኋላ ራሱ ጽፏል።

ሲመለስ በሴቪልያ ሊቀ ጳጳስ በአሎንሶ ዴ ፎንሴካ ቤት ጥቂት ዓመት አገለገለ። በ1470ዎቹ ውስጥ በሳላማንካ የሰዋስው መምህር ሆነ፤ ትዳር ይዞም ልጆች ወለደ። በ1481 ያሳተመው የላቲን ሰዋስው በአንድ ጊዜ ስመ ጥር አደረገው፤ መጽሐፉም ደጋግሞ ታተመ። እርሱ በዚህ ብቻ ቢያቆም ኖሮ የተከበረ የላቲን መምህር ሆኖ በሞተ ነበር፤ እኔም ስለ እርሱ ይህን ባልጻፍሁ።

ንግሥት ኢሳቤላ ግን ሌላ ሥራ አዘዙት። የላቲኑ ሰዋስው በአገር ቋንቋ ማለት በካስቲልያ ቋንቋ እየተተረጐመ፣ ሁለቱ ጐን ለጐን እንዲጻፉ ፈቀዱ። እስፓንኛ ዛሬ የምንለው ይኸው የካስቲልያ ቋንቋ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ቋንቋ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ እንጂ ከመምህር የሚማሩት ተብሎ አይታሰብም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ኔብሪኻ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ላይ አጠጋግቶ ሲያይ ነው የገበያው ቋንቋም የራሱ ሕግ እንዳለው የተገለጠለት።

ከዚህ በኋላ የአልካንታራ ማኅበር አለቃ የነበሩት ዶን ሁዋን ዴ ሱኚጋ ቤታቸውን ከፈቱለት፤ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በእርሳቸው ጥላ ሥር ለመጻፍ ጊዜ አገኘ። የካስቲልያ ቋንቋ ሰዋስው በሳላማንካ ታትሞ ያለቀው ነሐሴ 18 ቀን 1492 በአውሮፓውያን ወር ነው። ያ ዓመት ለእስፓኝ ብዙ ነገር የተሰበሰበበት ዓመት ነው። በጥር የእስላሞቹ የመጨረሻ ከተማ ግራናዳ እጇን ሰጠች። በመጋቢት መጨረሻ አይሁዶች ወይ እንዲጠመቁ ወይ አገር ለቀው እንዲወጡ ታወጀ። ኮሎምቦስ ከፓሎስ ወደብ የተነሣው ነሐሴ 3 ቀን ነው፤ የሰዋስው መጽሐፉ ሲወጣ እርሱ በባሕር ላይ ነበር፤ አዲስ ምድርም ገና አላየም። ስለዚህ መጽሐፉ የተጻፈው ለአሜሪካ ነው የሚሉ ሰዎች ቀኑን ሳያመሳክሩ የጻፉ ናቸው።

መጽሐፉ ከመታተሙ አስቀድሞ ኔብሪኻ ናሙናውን በሳላማንካ ለንግሥቲቱ አቅርቦ ነበር። ንግሥቲቱም ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ቋንቋ በመጽሐፍ መማር ጥቅሙ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እርሱ ሳይመልስ የአቪላው ጳጳስ አፉን ነጠቁትና መለሱለት፤ ንግሥቲቱ ባዕድ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦችን ድል ባደረጉ ጊዜ፣ የተሸነፉት የአሸናፊውን ሕግ ከነቋንቋው መቀበል ስለሚገባቸው፣ ይህን መጽሐፍ እያነበቡ ይማሩበታል አሉ። ኔብሪኻም ይህን ነገር ወደደና በመግቢያው ላይ ጻፈው፤ ቋንቋ የመንግሥት የዘወትር ባልንጀራ እንደ ሆነ፣ አብረው ተወልደው አብረው እንደሚያድጉና አብረው እንደሚወድቁም አስረዳ።

ይህ መግቢያ ዝናው ከመጽሐፉ ይበልጣል። እኔ ግን ሳነበው ደስ አላለኝም። የንግሥቲቱ ጥያቄ ከጳጳሱ መልስ የተሻለ ይመስለኛል። የሰውን አፍ በጦር ለማስከፈት የተዘጋጀ ሰዋስው ነው ከተባለ ደራሲው ሊያፍርበት ይገባ ነበር። ደግነቱ ውስጡ ሲከፈት እንደዚያ አይደለም።

መጽሐፉ አምስት ክፍሎች አሉት። አራቱ ስለ ፊደል፣ ስለ ድምፅና ስለ ቅኔ ምት፣ ስለ ቃላት ዐይነት፣ ስለ ዐረፍተ ነገር አገባብ ናቸው። አምስተኛው ግን ባዕድ ሆነው ቋንቋውን ለመማር ለሚወዱ ሰዎች የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ ግሦቹን በተርታ አሰለፋቸው፤ መውደድ፣ ማንበብና መስማት የሚሉትን በፊት፣ ከእነርሱም ጋር ከሥርዓት የወጡትን መሄድ፣ መሆንና የባለቤትነቱን ግሥ አቀረበ። እኔን በክረምት ያስጨነቀኝ «ኢር» እንግዲህ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ሰልፉ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሦስቱ ፊቶች ከየት እንደ መጡ መምህራችን ኋላ አስረዱን። በላቲን እሄዳለሁ ማለት «ኤዎ» ነው። ቃሉ በጣም አጭር ከመሆኑ የተነሣ እየተዋጠ ጠፋ፤ ሕዝቡም በቦታው መራመድ የሚል ትርጉም ያለውን «ቫዶ» የሚለውን ሌላ ግሥ አስገባ። «ቦይ»ና «ባያ» ከዚያ የመጡ ናቸው። «ኢባ»ና «ኢሬ» የፊተኛው ግሥ ቅሬታ ናቸው። «ፉይ» ደግሞ መሆን ከሚለው ግሥ የተበደረው ነው፤ እዚያ ነበርሁ ያለ ሰው እዚያ ሄዷልና። አንድ ቤት ሲፈርስ ከሦስት ቤት ድንጋይ ተለቅሞ እንደሚጠገን ያለ ነገር ነው።

በዚህ ነገር እስፓኞችን ልንስቅባቸው አይገባም። እኛም መጣ፣ ይመጣል፣ ይመጣ ዘንድ እንላለን፤ ልጅ ስንጠራ ግን «ና» እንጂ «ምጣ» አንልም። «ነው» ለምንለውም ኀላፊው «ነበረ»፣ ትንቢቱ «ይሆናል»፣ አሉታው «አይደለም» ነው፤ አራቱን ምን እንዳዛመዳቸው ለባዕድ ሰው ለማስረዳት የሞከረ ያውቀዋል። አንድ ዓመት በጎረቤታችን የተቀመጠ የውጭ አገር ሰው ልጆቹን «ምጡ! ምጡ!» እያለ ሲጠራ የሰፈሩ እናቶች ምጥ የያዛት ሴት አለች ብለው ሮጠው መጥተው ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ኔብሪኻ ስለ ትንቢት አንቀጽ የጻፈው ነው። የእስፓንኛ የትንቢት ግሥ አንድ ቃል ይመስላል፤ እርሱ ግን ሁለት ቃላት የተጣበቁ መሆናቸውን አየ። ንዑስ አንቀጹ «ኢር» ይቀድማል፤ «ኤ» የሚለው፣ አለኝ ማለት የሆነው ረዳት ግሥ ይከተላል፤ ሲጋጠሙ «ኢሬ» ይሆናሉ። ትሄዳለህ ለማለት «ኢር»ና «አስ»፣ ማለት «ኢራስ» ነው። እንግዲህ በሌላው ጊዜ ሁሉ የሚሸሸው ግሥ በትንቢት ሲመጣ እንደ ማንኛውም ግሥ ጨዋ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሰዎቹ ሁለቱን ቃላት ነጥለው በመካከላቸው ተውላጠ ስም ማስገባትም ይችሉ ነበር፤ እነግርሃለሁ ለማለት «ዴሲር ቴ ኤ» ይሉ ነበር፤ መንገር፣ አንተን፣ አለኝ እንደ ማለት ነው።

ይህን ያነበብሁ ሌሊት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ወረቀት ላይ ስጽፍና ስሰርዝ ቈየሁ። የኛ «እሄዳለሁ» ምንድን ነው? «እሄድ»ና «አለሁ» አይደለምን? «እነግርሃለሁ»ስ? «እነግር» ይቀድማል፤ «ህ» የሚለው አንተን የሚያመለክተው በመካከል ይገባል፤ «አለሁ» ይከተላል። የእስፓኙ አባባል ያለ ምንም ለውጥ በቤታችን ተቀምጧል። አማርኛና እስፓንኛ በዘር የማይገናኙ ናቸውና አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይቻልም፤ ሁለት ሕዝቦች ተራርቀው ሳሉ ያንኑ መንገድ አገኙት። ይህን በቃሌ 18 ዓመት ስናገረው ኖሬ አንድ ቀንም አላየሁትም ነበር። ንግሥቲቱ ለጠየቁት ጥያቄ እኔ ብሆን የምሰጠው መልስ ይህ ነበር።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በኔብሪኻ ዘመን እሄዳለሁ ማለት «ቦ»፣ እሰጣለሁ «ዶ»፣ ነኝ «ሶ» ነበር። አንዳንዱ ሰው ግን «ቦይ»፣ «ዶይ»፣ «ሶይ» ማለት ጀምሮ ነበር። ኔብሪኻ ሁለቱንም አባባል መዘገበ፤ ምክንያቱንም ሲፈልግ እነዚህ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ግሦች ሰውነታቸው እጅግ ያነሰ ስለ መሰላቸው ሰዎቹ «ኢ» ጨመሩላቸው ብሎ ገመተ። ለከሳ ልጅ ወፍራም ካፖርት እንደ ማልበስ ማለት ነው። ያልታወቀውን በሥልጣን ከመወሰን ይልቅ የሰማውን ጽፎ ምክንያቱን መፈለጉ ለእኔ የመምህርነቱ ምልክት ነው።

በዚያው ዘመን ከላቲን ወደ እስፓንኛና ከእስፓንኛ ወደ ላቲን ሁለት መዝገበ ቃላት አወጣ። በሁለተኛው ውስጥ «ካኖዋ» የሚለውን፣ የኮሎምቦስ መርከበኞች ከደሴቶቹ ሰዎች የሰሙትን የታንኳ ስም ጨምሮበታል። መዝገበ ቃላቶቹና የላቲኑ ሰዋስው ገበያ አገኙ። የአገሩ ቋንቋ ሰዋስው ግን ደራሲው በሕይወት ሳለ ዳግመኛ አልታተመም።

ያገኘው መከራ ግን ከዚህ መጽሐፍ የመጣ አይደለም። ዕድሜው ሲገፋ የሰዋስው ዕውቀቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ለማዋል ወሰነ። የላቲኑን ትርጕም ጸሐፊዎች በግልበጣ ብዛት ያሳሳቱት ቦታ ስላለ፣ ከግሪኩና ከዕብራይስጡ ጋር እያመሳከሩ ማቃናት ይገባል ብሎ ያምን ነበር። የሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ዲዬጎ ዴ ዴሳ ይህን በሰሙ ጊዜ ጽሑፎቹን ወሰዱበት። ክሱ በአጭሩ የሰዋስው መምህር በነገረ መለኮት ሰዎች ርስት ምን አገባው የሚል ነበር። ይህ ፍርድ ቤት ሰውን በእሳት ያስቃጥል እንደ ነበረ አንባቢ ይወቅ። ኔብሪኻ ግን ዝም አላለም፤ የመከላከያ መጽሐፍ ጽፎ በ1507 አሳተመ። አንድ ቃል በትክክል እንዴት እንደሚጻፍና ምን ማለት እንደ ሆነ መመርመር የሰዋስው ሥራ ነው፤ ቃሉ የሚገኘው በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ከማለት አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ካርዲናል ሲስኔሮስ በዴሳ ቦታ ስለ ተሾሙ አዳኑት።

እኒሁ ካርዲናል በአልካላ ከተማ በብዙ ቋንቋ የተጻፈውን ታላቁን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያዘጋጁ ኔብሪኻን ጨመሩት። አልተስማሙም። ካርዲናሉ ላቲኑ እንደ ጥንቱ ይቀመጥ ሲሉ እርሱ ይታረም አለ፤ ባልታረመ ጽሑፍ ላይ ስሜ አይግባ ብሎ ከሥራው ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ግን ወዳጅነታቸውን አላፈረሱም፤ ይህ ሁለቱንም ያስመሰግናቸዋል።

በ1513 በሳላማንካ የሰዋስው ወንበር ባዶ ሆነና ሽማግሌው ለመወዳደር ቀረበ። ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር። እርሱ የጻፈውን ሰዋስው እያነበቡ ያደጉት መራጮች ወንበሩን ለአንድ ወጣት ሰጡት። እኛ ተማሪዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንመስለው መራጮቹን መሆኑን ሳስብ ትንሽ አፈርሁ። ኔብሪኻ ወደ አልካላ ሄደ፤ ሲስኔሮስም በአዲሱ ዩኒቨርሲቲያቸው የንግግር ጥበብ መምህር አድርገው ሾሙት፤ የወደደውን እንዲያስተምር፣ ማስተማር ካልወደደም እንዳያስተምር፣ ደመወዙ ግን እንዳይቀርበት አዘዙ። እስፓኝ ያለባትን ዕዳ መክፈል እንጂ ለድካሙ ዋጋ አይደለም ብለው ነበር። በ1517 ስለ አጻጻፍ ሕግ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ ሰው እንደሚናገር ይጻፍ፣ እንደ ተጻፈም ያንብብ የሚል ነው። በሐምሌ 1522 በአልካላ ሞተ።

ከሞተ በኋላም ሁሉ አላመሰገነውም። ሁዋን ዴ ቫልዴስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ቋንቋው በጻፈው መጽሐፍ ኔብሪኻ የደቡብ ሰው እንጂ የካስቲልያ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ በቋንቋችን ላይ ዳኛ ሊሆን አይችልም ብሎ ነቀፈው። እንዲህ ያለ ነቀፋ ለኛም እንግዳ አይደለም፤ የትኛው አገር አማርኛ ነው ትክክለኛው እየተባለ በመኝታ ክፍላችን ስንት ምሽት እንደ ተከራከርን ጓደኞቼ ያውቃሉ። በባሕር ማዶ ያሉ መነኰሳት ግን የኔብሪኻን የላቲን ሰዋስው እንደ ሚዛን ይዘው የሕንዶቹን ቋንቋዎች ሰዋስው ጻፉ፤ አንድሬስ ዴ ኦልሞስ በ1547 የሜክሲኮን፣ ዶሚንጎ ዴ ሳንቶ ቶማስ በ1560 የፔሩን ቋንቋ አዘጋጁ። የእስፓኝ አካዳሚ የራሱን ሰዋስው ያወጣው በ1771 ነው። አማርኛን ያየን እንደ ሆነ የመጀመሪያው የታተመ ሰዋስው የወጣው በ1698 በፍራንክፈርት ነው፤ የጻፈውም ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ቋንቋውን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው ነበሩ። መምህሩ ኢትዮጵያዊ፣ ጸሐፊው ባዕድ፣ መጽሐፉም በላቲን ነው።

አሁን ወደ «ቦይ» ልመለስ። በእስፓኝ «ቦይ» አሸንፎ «ቦ» ጠፋ። በ1492 የተሰደዱት አይሁዶች ግን ቋንቋውን ይዘው ወደ ሳሎኒካ፣ ወደ ቍስጥንጥንያና ወደ ሌሎችም የቱርክ ከተሞች ሄዱ። የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ቋንቋ መናገር አልተዉም፤ እሄዳለሁ ሲሉ «ቦ»፣ ነኝ ሲሉ «ሶ»፣ እሰጣለሁ ሲሉ «ዶ» ይላሉ፤ ኔብሪኻ በሰማበት ዓመት እንደ ነበረው፣ ያለ ካፖርት።